ቪዲዮው ተቀየረ፣ ድምፁስ?

ጎንደር ላይ ጥር ሲገባ የቪዲዮ ሥራ ፋታ አይሰጥም። የከተራውና የጥምቀቱ ቀረጻ ሳይራገፍ የሠርጉ ወረፋ ይደርሳል። ካሜራው አንድ ዓይነት ፋይል ይሰጣል፣ ስልኩ ሌላ ዓይነት፣ ድሮኑ ሌላ። ሁሉንም አንድ ለማድረግ ወይም ፍላሽ ላይ ጭኖ ደባርቅ ላሉ ዘመዶች ለመላክ ኮንቨርት ይደረጋል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፅ ግን የለውም።»

አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ደግሞ ኮንቨርት ያደርገዋል። ላፕቶፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል፣ ምስሉ በሁለተኛው ዙር ይደበዝዛል፣ ድምፁ ግን አሁንም የለም። ችግሩ «ድምፅ የለውም» በሚል አንድ አቤቱታ ሥር መድኃኒታቸው የማይገናኝ በሽታዎች መደበቃቸው ነው። አንዱ ፋይል ውስጥ ድምፁ ጭራሽ የለም። ሌላው ውስጥ አለ፣ የሚያጫውተው ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ግን አይነቱን አያውቀውም። ሦስተኛው ውስጥ ድምፁ አለ፣ ይጫወታልም፣ ግን ግራና ቀኙ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ዝም ይላሉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፣ ብዙውን ጊዜም ምስሉን መንካት አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት ዋናው ፋይል እንዳለ ይቀመጥ። ሜሞሪው ለነገ ቀረጻ ይፈለጋል ተብሎ የተቀየረው ፋይል ድምፁ ሳይሰማ ፎርማት የተደረገ ካርድ ስንቱን ሠርግ ዱዳ አድርጎታል።

መጀመሪያ ፋይሉን ጠይቁት

ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ ማጫወቻ ክፈቱትና ኮንትሮልን ይዛችሁ ጄን ተጫኑ። «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን» የሚል መስኮት ይወጣል። ስትሪም 0፣ ስትሪም 1 እያለ ይዘረዝራል፤ ከነዚህ አንዱ ዓይነቱ «ኦዲዮ» መሆን አለበት። ካለ ከሥሩ ኮዴኩ (ድምፁ የታሸገበት ዘዴ)፣ የቻናሉ ብዛትና ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚያዘው የድምፅ ናሙና ብዛት) ተጽፈዋል። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ ኋላ ይፈለጋሉ። ኦዲዮ የሚል መስመር ከሌለ ድምፁ ሲቀየር አብሮ አልተሻገረም ማለት ነው፤ ያንን ቅጂ ማስታመም ዋጋ የለውም፣ ወደ ዋናው መመለስ ነው።

ቪኤልሲ የማያውቀው የድምፅ ዓይነት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ እንደ ዳኛ ያገለግላል። ቪኤልሲ ላይ የሚሰማ ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ ዝም ካለ ጥፋቱ የኮዴክ ነው። ቪኤልሲም ላይ ዝም ካለ፣ የኦዲዮ መስመሩ ግን ከተጻፈ፣ መጀመሪያ ከላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ሜኑ ከፍታችሁ «ኦዲዮ ትራክ» ላይ ስንት ምርጫ እንዳለ እዩ። ሁለት ሦስት ትራክ ባለው ፊልም አንደኛው ባዶ ወይም የሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው መጀመሪያ ያገኘውን ነው።

ላፕቶፕ አጠገባችሁ ከሌለ ቴሌግራም ይመረምርላችኋል። ከቪዲዮው አጭር ቅንጭብ ቆርጣችሁ ለራሳችሁ ላኩ። የድምፅ መስመር የሌለውን አጭር ኤምፒፎር ቴሌግራም እንደ ጂአይኤፍ ነው የሚያየው፤ ራሱን እየደጋገመ ይሽከረከራል። የድምፅ መስመር ያለው ግን፣ ዝም ያለም ቢሆን፣ እንደ ተራ ቪዲዮ ይቀመጣል። ለምርመራ ጥሩ ነው፤ ለማድረስ ከሆነ ግን «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት፣ አለዚያ ቴሌግራም ራሱ አንዴ ይጨምቀዋል።

አገልግሉና ውስጡ

ኤምፒፎር፣ ኤምኬቪ፣ ኤቪአይ፣ ኤምኦቪ የመያዣ ስሞች ናቸው። አገልግል አስቡ፤ ቆዳውን አይቶ ውስጡ ዶሮ ይሁን ሽሮ ማንም አይናገርም። በኤምፒፎር ውስጥ ያለው ምስል ኤች.264 ሊሆን ይችላል፣ ድምፁ ደግሞ ከአምስት ስድስት ዓይነት አንዱ። የፋይሉን ስም መጨረሻ በእጅ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒፎር መቀየር አገልግሉ ላይ ሌላ ስም መጻፍ ነው፤ ውስጡ ያው ነው። ምስሉ የሚታይ ሆኖ ድምፁ የማይሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ቴሌቪዥኑ የምስሉን ኮዴክ ያውቀዋል፣ የድምፁን አያውቀውም፣ ስለዚህ የሚችለውን ብቻ ያሳያል።

እዚህ አካባቢ ሥራ ላይ ደጋግመው የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው። ኤሲ3 ከዲቪዲና ኤምቲኤስ ፋይል ከሚሰጡ ካምኮርደሮች ይመጣል፤ ቴሌቪዥኖች ይወዱታል፣ ብዙ ስልክ ግን ዝም ይልበታል። ዲቲኤስ ከፊልም ጋር ይመጣል፤ የቆየው ቴሌቪዥን ሲያጫውተው አዲሱ እምቢ ስለሚል ሰው ግራ ይገባዋል፤ የቴሌቪዥን አምራቾች ድጋፉን ከአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ስላወጡት ነው። ፒሲኤም ያልተጨመቀ ድምፅ ነው፤ ጥሩ ካሜራ የሚቀርጸው በዚህ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት ይፈጃል፤ የአንድ ሰዓት ሠርግ ድምፁ ብቻ ወደ 690 ሜጋባይት ይጠጋል። በኤምፒፎር ውስጥ ሆኖ ስልክ ላይ ሲከፈት ብዙ ጊዜ ዝም ነው። ኦፐስ ከኢንተርኔት ከወረደ ቪዲዮ ጋር ይመጣል፣ የዋትሳፕ የድምፅ መልእክትም እሱው ነው፤ ደረጃው የወጣው በ2012 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ሊያውቀው አይችልም፣ ከዚያ በኋላ ከተሠራውም የማያውቀው ብዙ ነው።

ኤኤምአር ለብቻው ይነሳ። የድሮ ስልክ በ3ጂፒ የቀረጸው የአያት ምርቃት ወይም የአዝማሪ ግጥም ድምፁ ብዙ ጊዜ በዚህ የታሸገ ነው። ለስልክ ንግግር የተሠራ ኮዴክ በመሆኑ በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ ይይዛል፣ ከፍተኛው ቢትሬቱም (በሰከንድ የሚፈጀው የዳታ መጠን) 12.2 ኪሎቢት ነው፤ አንድ ሰዓት ድምፅ 5.5 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ቪኤልሲ ያነበዋል፣ ብዙ የኤዲቲንግ ፕሮግራም ግን ምስሉን ብቻ አስገብቶ ድምፁን ይተወዋል። ወደ ኤኤሲ ሲቀየር ይሰማል፤ ግን 320 ኪሎቢት ብትሰጡትም የማሲንቆው ቀጭን ጫፍ አይመለስም፣ መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። 64 ኪሎቢት ሞኖ (አንድ ቻናል) ይበቃዋል።

መድረሻችን በአብዛኛው ኤኤሲ ነው፤ ሁለት ቻናል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ ለሙዚቃ 192 ኪሎቢት። የአንድ ሰዓቱ ክብደት 86 ሜጋባይት ገደማ ነው። ኤምፒፎርን የሚያጫውት ስልክም ቴሌቪዥንም ይህንን ያውቃል።

ምስሉን ሳትነኩ ድምፁን ብቻ

ለዚህ አቪዴማክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ትንሽ ነው፣ በደካማ ላፕቶፕም ይሠራል፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። መልኩ አያምርም፤ ለዚህ ሥራ ግን እሱን የሚያህል ቀላል ነገር የለም።

ፋይሉን ክፈቱ። በግራ በኩል ሦስት ምርጫዎች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። «ቪዲዮ አውትፑት» የሚለውን «ኮፒ» እንዳለ ተዉት፤ ምስሉ እንዳለ ይሻገራል፣ ጥራቱም አይቀንስም። «ኦዲዮ አውትፑት» የሚለውን ኤኤሲ አድርጉ፤ ከሥሩ ባለው «ኮንፊገር» ቢትሬቱን 192 ላይ አስቀምጡ። «አውትፑት ፎርማት» የሚለውን «ኤምፒፎር መክሰር» አድርጉ። ከዚያ ሴቭ፣ በሌላ ስም። ምስሉ እንደገና ስለማይሠራ ሰዓታት የሚፈጀው ነገር በደቂቃዎች ያልቃል፤ ከድምፁ ይልቅ የሚያዘገየው የፍላሹ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ፋይሉን መጀመሪያ ላፕቶፑ ላይ ገልብጡት።

ሁለት ቦታ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንደኛ፣ ኦዲዮውንም ምስሉንም «ኮፒ» አድርጎ ኤምፒፎር ብሎ ሴቭ ያደርጋል፤ አገልግሉን ቀይሮ ወጡን አልቀየረም፣ ዲቲኤሱ አሁንም ዲቲኤስ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ትራክ ያለው ፊልም ሲሆን ትራኩን አይመርጥም። «ኦዲዮ» ሜኑ ውስጥ «ሴሌክት ትራክ» ስትሉ የትራኮቹ ዝርዝር ይመጣል፤ የምትፈልጉትን የመጀመሪያው ቦታ ላይ አድርጋችሁ የሌሎቹን ምልክት አንሱ።

ምስሉም ጭምር መቀየር ካለበት፣ ለምሳሌ 4ኬ ወደ 1080 መውረድ ካለበት፣ ሀንድብሬክ የሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ይሻላል። እዚያ ከመጀመራችሁ በፊት «ኦዲዮ» የሚለውን ገጽ ሳትከፍቱ አትለፉ። ባዶ ከሆነ የሚወጣው ቪዲዮም ዱዳ ነው። ትራክ ካለ ደግሞ ከጎኑ «ፓስስሩ» የሚል ቃል እንዳይኖር እዩ፤ ድምፁ ሳይቀየር እንዳለ ይለፍ ማለት ነው፣ የኤሲ3ና የዲቲኤስ ችግርም እንዲሁ ሳይፈታ ይሻገራል። «ኤኤሲ» ምረጡ፣ «ሚክስዳውን» ላይ «ስቴሪዮ»፣ ሳምፕል ሬት 48። ከዚያ «ሬንጅ» የሚለውን ወደ ሰከንድ ቀይራችሁ ከ0 እስከ 30 ብቻ አሠሩት። የሠላሳ ሰከንዷን ቅንጭብ ቴሌቪዥኑ ላይ ሞክሩ። ካላችሁ ዕቃ ላይ መስማታችሁን ሳታረጋግጡ ሦስት ሰዓት ፊልም ለሊት አዝዞ መተኛት ድፍረት ነው።

ቪኤልሲም በኮንትሮልና አር ኮንቨርት ያደርጋል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፣ ድምፅ የሚጠፋበትም እዚያው ነው። አብሮት የሚመጣው ዝግጅት ኤምፒፎር ውስጥ ኤምፒስሪ ድምፅ ይከታል፤ ላፕቶፕ ላይ ይሰማል፣ አንዳንድ ቴሌቪዥን ላይ አይሰማም። ከዝግጅቱ ስም ጎን ያለችውን የመፍቻ ምልክት ተጫኑ፤ «ኦዲዮ ኮዴክ» የሚለው ገጽ ላይ «ኦዲዮ» የሚለው ሳጥን መመረጡን፣ «ኪፕ ኦሪጅናል» የሚለው አለመመረጡን አረጋግጡ፤ ኮዴኩን ኤምፔግ 4 ኦዲዮ አድርጉ፣ ቻናል 2፣ ሳምፕል ሬቱን ቅድም ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ጋር አንድ። የመድረሻውን ስም ከመነሻው ስም ጋር አንድ አታድርጉት፣ ፋይሉ በራሱ ላይ ይጻፍና ሁለቱም ይጠፋሉ።

ግራና ቀኝ ሲጣሉ

አሁን ወደሚያስቸግረው። ፋይሉ ኤኤሲ ነው፣ ሁለት ቻናል ነው፣ ሁሉም ነገር ትክክል ነው። በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፣ ግን ከጋን ውስጥ የሚመጣ ዓይነት ባዶ ድምፅ ነው። በስልኩ ስፒከር ሲከፈት ደግሞ ዘፋኙ የለም፤ የሕዝቡ እልልታ ራቅ ብሎ ይሰማ ይሆናል፣ ሙዚቃው ግን ድራሹ ጠፍቷል። ኮንቨርተሩ ይረገማል። እሱ ግን ንጹሕ ነው፣ ነገሩ የተበላሸው አዳራሹ ውስጥ፣ ከዲጄው ሚክሰር ወደ ካሜራው የተዘረጋው ገመድ ላይ ነው።

ሚክሰሩ በባለ ሦስት ፒኑ ክብ ጃክ የሚያወጣው ድምፅ ሁለት ቅጂ አለው፤ ፒን 2 ላይ ቀጥተኛው፣ ፒን 3 ላይ የተገለበጠው። ፒን 1 መሬት ነው። አንዱ ሞገድ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው እኩል ወደ ታች ይወርዳል። የተሠራው በረጅም ገመድ ላይ የሚገባውን ሁካታ ለማጥፋት ነው፣ ለዚህ የተዘጋጀ መቀበያም ሁለቱን አነጻጽሮ አንድ ያደርጋቸዋል። የካሜራው ትንሽ የማይክ ቀዳዳ ግን ለዚህ አልተዘጋጀም፤ ስቴሪዮ ነው። የሚሰካበትን ጃክ ጫፍ ግራ ይለዋል፣ ቀለበቱን ቀኝ። ከገበያ የተገዛው ተራ ገመድ ፒን 2ን ወደ ጫፉ፣ ፒን 3ን ወደ ቀለበቱ ይወስዳል፤ ካሜራውም ቀጥተኛውን በግራ፣ የተገለበጠውን በቀኝ ይቀርጻል። በሁለት ጆሮ ሲሰማ አለ። ስልኩ፣ ወይም አንድ ስፒከር ያለው አዳራሽ፣ ግራና ቀኙን ሲደምራቸው አንድ ሲደመር ኔጌቲቭ አንድ ዜሮ ይሆናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ቻናሎች ተመሳሳይ ድምፅ ስለሆኑ አንዱን መጣል ይቻላል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ድምፁን ክፈቱ፤ ቪዲዮ ፋይል በቀጥታ እንዲከፍት ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ተጨማሪ መጫን አለበት፣ ያ ከሌለ አቪዴማክስ ላይ «ኦዲዮ አውትፑት» የሚለውን ወደ ዌቭ ዓይነት ቀይራችሁ በ«ኦዲዮ» ሜኑ በኩል ድምፁን ለብቻው ሴቭ አድርጉ። ኦዳሲቲ ላይ ሁለቱን ሞገዶች አጉልታችሁ እዩ፤ የአንዱ ተራራ ከሌላው ሸለቆ ጋር ቁልቁል ከተሰለፈ በሽታው ተረጋገጠ። የትራኩን ስም ተጭናችሁ «ስፕሊት ስቴሪዮ ቱ ሞኖ» በሉ፣ የታችኛውን አጥፉ፣ የቀረውን ዌቭ አድርጋችሁ አውጡ። መጀመሪያው ላይ ያለውን ዝምታ አትቁረጡ፣ ከምስሉ ጋር ያለው ልክ ይዛባል። ከዚያ አቪዴማክስ ላይ ቪዲዮውን ከፍታችሁ «ሴሌክት ትራክ» ውስጥ «አድ ኦዲዮ ትራክ» ብላችሁ ዌቩን ስጡት፣ ምስሉን ኮፒ፣ ድምፁን ኤኤሲ።

ሁለቱንም ቻናል መያዝ ከተፈለገ፣ ለምሳሌ የካሜራው የራሱ ድምፅ ከተቀላቀለበት፣ ከመጣል ይልቅ አንዱን ብቻ መርጣችሁ «ኢንቨርት» የሚለውን ኢፌክት ስጡት። ሲገለበጥ ከሌላው ጋር ይሰለፋል፣ ሲደመርም ይጠነክራል።

ለሚቀጥለው ሠርግ ግን ገመዱ ይሠራ። ሶልደር የሚያውቅ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል፦ ፒን 2 ወደ ጫፉም ወደ ቀለበቱም፣ ፒን 1 ወደ ጃኩ ግንድ፣ ፒን 3 ተቆርጦ ሳይገናኝ ይቅር። ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ቀጥተኛ ድምፅ ያገኛሉ። የሚክሰሩ ጉልበት ለማይክ ቀዳዳ እንደሚበዛም አትርሱ፤ ካሜራው ላይ ድምፁን በእጅ ዝቅ አድርጋችሁ አመልካቹ ቀዩን እንዳይነካ ጠብቁ። የተሰነጠቀን ድምፅ ኮንቨርተር አይሰፋውም።

የዚሁ ታናሽ ወንድም ደግሞ አለ፤ ድምፁ በግራ ብቻ ተቀርጾ ቀኙ ባዶ የሆነ። አዳራሹ ወይም ሻይ ቤቱ ቀኝ ገመዱን ብቻ ከሰካ ዝም ይላል። አቪዴማክስ ላይ በ«ፊልተርስ» ውስጥ «ሚክሰር»ን ሞኖ ማድረግ ይፈታዋል።

ሙዚቃው እያለ ንግግሩ ሲጠፋ

ፊልም ላይ የሚያጋጥም ነው። ባለ 5.1 ድምፅ ስድስት ቻናል አለው፤ የተዋናዩ ንግግር በብዛት የሚቀመጠው መሃለኛው ላይ ነው። ኮንቨርተሩ ስድስቱን ወደ ሁለት አደባልቆ ካላወረደና የፊቱን ግራና ቀኝ ብቻ አንስቶ ካለፈ፣ ሙዚቃውና የመኪናው ጩኸት ይቀራል፣ ሰዎቹ ግን አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ወረቀታችሁ ላይ ቻናል 6 ከተጻፈ ሀንድብሬክ ላይ «ሚክስዳውን»ን፣ አቪዴማክስ ላይ «ሚክሰር»ን ስቴሪዮ አድርጉ። አቪዴማክስ ላይ ይህ የሚሠራው ኦዲዮው ኮፒ ካልሆነ ብቻ ነው።

ከኢንተርኔት የወረደ 1080 ቪዲዮ ደግሞ ገና ከመነሻው ዱዳ ሊሆን ይችላል። ዩቲዩብ ከፍ ያለ ጥራት ያላቸውን ምስሎች ከድምፃቸው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ማውረጃው ሁለቱን ካልገጠማቸው የምታገኙት ምስሉን ብቻ ነው። ድምፁን ለብቻው አውርዱና ቅድም ዌቩን ባስገባችሁበት መንገድ ግጠሙት።

የካምኮርደር ካርድ ስትገለብጡ «ፕራይቬት» የሚለውን ፎልደር ከነሙሉ ልጆቹ ውሰዱት። ካሜራው ረጅሙን ቀረጻ በየጥቂት ጊጋባይቱ ቆራርጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ኤምቲኤሶቹን ብቻ ለቅሞ በኤዲቲንግ መስመር ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ መጋጠሚያቸው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ድርግም እንዲል ያደርገዋል። ቅዳሴ ወይም ዘፈን መሃል ላይ ሲሆን በደንብ ይታወቃል።

ድምፁ አለ፣ ግን ይዘገያል

መጀመሪያው ላይ ልክ ሆኖ ወደ መጨረሻው እየራቀ የሚሄድ ከሆነ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። በ48,000 የተቀረጸ ድምፅ በስህተት 44,100 ተብሎ ከተነበበ የአንድ ሰዓቱ ድምፅ 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይሆናል፣ የሙሽራው ድምፅም ይወፍራል። ይህ በቀላሉ ይለያል። ሁለተኛው ስልክ ነው፤ ብርሃን ሲቀንስ በሰከንድ የሚይዘውን የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት በራሱ ስለሚቀያይር አንዳንድ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ቆጠራው ይስታል። የስልክ ቀረጻን ወደ ኤዲቲንግ ከማስገባታችሁ በፊት ሀንድብሬክ ላይ «ቪዲዮ» ገጽ ገብታችሁ ፍሬሙን 25 ወይም 30፣ ከሥሩም «ኮንስታንት» አድርጉ።

መብራት ነገር ከተነሳ፣ ኤምፒፎር ማውጫውን የሚጽፈው ሥራው ሲያልቅ ነው። በ95 በመቶ ላይ መብራት ከሄደና ባትሪው ካልያዘ ፋይሉ በተለመደው መንገድ አይከፈትም። ረጅም ሥራ ሲሆን መጀመሪያ ወደ ኤምኬቪ አውጡት፤ ቢቋረጥም እስከ ደረሰበት ድረስ በአብዛኛው ይጫወታል። ካለቀ በኋላ አቪዴማክስ ላይ ሁለቱንም ኮፒ አድርጎ ወደ ኤምፒፎር ማዞር አጭር ሥራ ነው።

ፍላሹ የሚሰካው ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ ከሆነ፣ ገጠር ላይ አሁንም ብዙ አለ፣ ከላይ ያልነው ሁሉ አይሠራም። ለሱ ኤቪአይ፣ ምስሉ ኤክስቪድ ከ720 በ576 ያልበለጠ፣ ድምፁ ኤምፒስሪ፣ ቢትሬቱም ቋሚ 128 ወይም 192 ይሁን። ተለዋዋጭ ቢትሬት ያለው ኤምፒስሪ አንዳንዱ ማጫወቻ ላይ ይንተባተባል።

ከዋናውም ላይ ድምፁ ከሌለ

ያኔ ከሌላ ቦታ መዋስ ነው። ዲጄው ሚክሰሩ ላይ የቀረጸው፣ ወይም እንግዳ በስልኩ የያዘው። ሁለቱን ለማስማማት ከከበሮ የተሻለ ምልክት የለም። እጁ ቆዳውን የነካበትን ፍሬም ፈልጉ፣ ድምፁ ላይ ደግሞ ሞገዱ ድንገት ከፍ የሚልበትን ቦታ፤ ሁለቱን አሰልፉ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፣ በአቪዴማክስ «ፊልተርስ» ውስጥ ያለው «ሺፍት»ም የሚቀበለው በሚሊሰከንድ ነው። ከፊት ካለ ከበሮ ብቻ አትነሱ፤ መጨረሻው አካባቢም ሌላ ምት ፈልጋችሁ ልኩን አረጋግጡ።

ፋሲል መዋኛ ላይ ከዳር ቆሞ ለተቀረጸ ደግሞ አንድ ሂሳብ ይጨመር። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ከበሮው ከካሜራው 34 ሜትር ከራቀ ካሜራው ራሱ የሚቀርጸው ድምፅ ከምስሉ 100 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ፍሬም ተኩል ይዘገያል። ከበሮው አጠገብ የነበረ ስልክ የያዘውን ድምፅ ከካሜራው ድምፅ ጋር ሳይሆን ከእጁ ጋር አስተካክሉት፣ ከዚያ የካሜራውን ድምፅ 100 ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲሰማ ሳቡት።